የአሮጌ ቮልስ እድሳት፦ ከቀለም በፊት ያሉ ወጪዎች

በአነስተኛ በጀት የማድሳት ቮልስ እስካሁን የደረሰችበትን ደረጃ ለተመሳሳይ ሥራ ለምትነሡ ላካፍል። ይህችን መኪና የመረጥሁት በመልኳ ተማርኬ ብቻ አይደለም፤ ምርቷ እ.ኤ.አ. በ2003 እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች መለዋወጫዋ ከብዙዎቹ እኩዮቿ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል፤ ሞተሯም በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ የራዲያተርና የውኃ ፓምፕ ወጪ የለባትም።

ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ጉልበት ያንሰው ስለነበር ያየው ሁሉ የመከረኝ ፒስተንና ፋሻ (ፒስተኑን ዙሪያውን የሚይዘውን ቀለበት) እንድቀይር ነው። እኔ ግን ምንም ከመግዛቴ በፊት ካንዴላዎቹን ፈትቼ የየሲሊንደሩን ግፊት ለካሁ። ሌሎቹ ተቀራራቢ ውጤት ሲሰጡ ቁጥር 3 በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሬ እንደገና ስለካው ለውጥ አላሳየም፤ ያለቀው ፋሻው ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለሚደፍነው ግፊቱ ከፍ ይል ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬዬ የሲሊንደሩን መግቢያና መውጫ ወደሚከፍትና ወደሚዘጋው ቫልቭ ዞረ። በቀደሙት ሞዴሎች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደዚህ ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርደው የጭስ ማውጫ ቫልቩ ከሌሎቹ ቀድሞ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የቫልቮቹን ክዳን ከፍቼ፣ የቫልቩን ክፍተት ለመለካት የ0.15 ሚሊሜትር መለኪያ ቅጠል (ስስ ብረት) ለማስገባት ስሞክር ጨርሶ አልገባም፤ ቫልቩ ክፍተት አጥቶ በደንብ ሳይዘጋ ይሠራ ነበር። የማስተካከያ ብሎኑን ዳዶ አላልቼ፣ ቅጠሉ በመጠኑ ያዝ እያደረገ እስኪያልፍ ድረስ ብሎኑን በካቻቢቴ ሳስተካክለው ግፊቱ ወደ ሌሎቹ ተጠጋ። ወጪው የክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ብቻ ሆነ። ይሁንና ክፍተቱ ቶሎ ቶሎ የሚጠብ ከሆነ ቫልቩ እየተሳበ ነው ማለት ስለሆነ፣ ተሰብሮ ፒስተኑን ሳይመታ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሲሊንደሩ ራስ) መውረድ ይኖርበታል፤ በየጊዜው የምለካውም ለዚህ ነው።

በሞተሩ የተረፈው ገንዘብ ወደ ወለሉ ሄደ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ በዙሪያው ያለውን ላሜራ ይበላዋል። ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስለው ቦታ በካቻቢቴ እጀታ ሲመታ የታፈነ ድምፅ ሰጠ፤ ጫፉን ጫን ሳደርገው ደግሞ ሰርጎ ገባ። ዝገቱን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጬ አዲስ ላሜራ ካስበየድሁ በኋላ አንቲሩጂን (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀባሁት። በስቱኮ መድፈን ርካሽ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ስቱኮ ዝገትን ይሸፍናል እንጂ አያቆምም።

ቁጠባን ጨርሶ ያልፈቀድሁት በፍሬንና በነዳጅ መስመር ላይ ነው። የፍሬን ጎማ ቱቦዎችና ፓምፖች በአዲስ ተተክተዋል፤ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ አሮጌውም በሙሉ ወጥቷል። የተሰነጠቀ የነዳጅ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ማንጠባጠብ የሚችል በመሆኑ እርሱንም ከነማጥበቂያው ቀየርሁ።

ቀጣዩ ገንዘብ የተመደበው ለጎማ ነው፤ ጥርሳቸው ባያልቅም ጎናቸው በእርጅና ተሰነጣጥቋል። ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።