አንድ የቢሮ ዴል፣ ሦስት ስክሪን፣ ትንሽ ብር

ጌም የሚወድ ሰው ሁለተኛ ስክሪን አንዴ ከለመደ ወደ አንድ መመለስ ይከብደዋል። መሃል ላይ ጌሙ፣ በግራ ዲስኮርድ (ተጫዋቾች የሚያወሩበት መተግበሪያ) ወይ ቴሌግራም፣ በቀኝ ዩቲዩብ ወይ ኦቢኤስ (ጌሙን የሚቀዳ ወይም በቀጥታ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም)። ሜሴጅ በመጣ ቁጥር ጌሙን አሳንሶ መውጣት፣ ተመልሶ ሲገባ ሞቶ መገኘት፣ ይሄ ሁሉ ይቀራል። ቀን ላይ ደግሞ ያው ዝግጅት ለትምህርትም ለሥራም ይሆናል።

ሰሞኑን የአክስቴን ልጅ ኮምፒውተር ለዚህ አዘጋጀነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው፣ ትልቁ ቋሚ ኬዝ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ7-4790፣ 8 ጊጋ ራም፣ ሃርድ ዲስክ፣ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚስለው ለብቻው የሚገዛ ካርድ) የሌለው። ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግሎ የመጣ ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጌም የሚጀምር ብዙ ልጅ ቤት ያለው ይሄው ዓይነት ማሽን ስለሆነ ያደረግነውን በዝርዝር ልጻፈው አልኩ።

ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት የሚቀጥለው ሳምንት ላይሠራ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ ከ57 አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፣ የኮምፒውተር ዕቃም አብሮ ወጣ። ስለዚህ አሁን አንድ የማያስፈልግ ዕቃ መግዛት በጣም ያማል። የማይገዛውን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ለሦስት ስክሪን የትኛው ካርድ ይበቃል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። ጌሙ ሦስቱም ስክሪን ላይ እንዲዘረጋ ነው የምትፈልጉት፣ ወይስ መሃል ላይ ብቻ? የበጀቱ ነገር በሙሉ እዚህ ላይ ይወሰናል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ 1920 በ1080 ስክሪን 2,073,600 ፒክስል አለው። ጌሙ መሃል ላይ ብቻ ከሆነ ካርዱ በየፍሬሙ (በሰከንድ ደጋግሞ በሚስለው በእያንዳንዱ ምስል) የሚስለው ይሄን ያህል ነው። ጎኖቹ ላይ ያለው ቴሌግራም እና የቆመ ድረ ገጽ ለካርዱ እዚህ ግባ የሚባል ሸክም አይደለም። ሦስቱንም እንደ አንድ ሰፊ ስክሪን አያይዛችሁ 5760 በ1080 ስትጫወቱ ግን 6,220,800 ይሆናል። ሦስት እጥፍ ነው፣ ፎርኬ ወደሚባለው ትልቁ የምስል ጥራት እየተጠጋችሁ ነው። አሁን በሰከንድ 60 ፍሬም የሚሰጣችሁ ካርድ 20 እና 25 ላይ ሊወርድ ይችላል።

ሦስት ስክሪን ላይ መዘርጋት የምር ደስ የሚለው የመኪና ጌም ላይ ነው። አሴቶ ኮርሳ እና ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የጎን ስክሪኖቹን እንደ ጎን መስኮት ለይተው መሳል ይችላሉ፣ መስተዋቱን ለማየት አንገት ታዞራላችሁ። የጌም መሪ (ስቲሪንግ) ያለው ሰው ለዚህ ብር ቢያወጣ አልፈርድበትም። ግን ዶታ፣ ካውንተር ስትራይክ፣ ቫሎራንት፣ የእግር ኳስ ጌም ለሚጫወት ሰው ምንም አይጨምርለትም፤ እንዲያውም ዓይኑ መሃል ላይ ተተክሎ ስለሚውል ጎኖቹ ላይ የተሳለው ጌም በከንቱ የባከነ ጉልበት ነው። የአክስቴ ልጅም የሚጫወተው እነዚህን ስለሆነ ጌሙ መሃል ላይ እንዲቀር ተስማማን። ይሄ አንድ ውሳኔ ትልቅ ካርድ፣ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ (ለዕቃዎቹ መብራት የሚያከፋፍለው ሳጥን) እና የማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ጣጣ በአንድ ጊዜ አስቀረልን።

የማዘርቦርድ ጣጣ ያልኩት ምን መሰላችሁ። 9020 ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ነው፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ ከውስጡ አይወጣም። «እንቀይረው» ብትሉ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው እንደሌሎቹ ባለ 24 ፒን ሳይሆን ዴል የራሱን ባለ 8 ፒን ነው የተጠቀመው፣ ስለዚህ ከአዲሱ ፓወር ሰፕላይ ጋር ከ24 ወደ 8 የሚቀይር አዳፕተርም መፈለግ ይመጣል። ይቻላል፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ግን ርካሽ ስም የለሽ ፓወር ሰፕላይ ላይ 600 ዋት ተብሎ የተለጠፈውን አምኖ ደህና ካርድ ማገናኘት እኔ የማልመክረው ነገር ነው። የዴሉ 290 የምር 290 ነው፣ እሱን ይዞ መቆየት ይሻላል።

ለዚህ ነው ጂቲኤክስ 1650 የሚባለውን የኤንቪዲያ ካርድ የመረጥነው። 75 ዋት ስለሆነ የሚፈልገውን ኃይል ሁሉ ከተሰካበት ማዘርቦርድ ይወስዳል። ስትገዙ ካርዱን ከላይ በኩል እዩት፤ የተጨማሪ ገመድ መሰኪያ የሌለው መሆን አለበት፣ ምክንያቱም አንዳንድ ፋብሪካ ባለ 6 ፒን አድርጎ የሠራው 1650 አለ። ፕሮሰሰሩ 84 ዋት ነው፣ ካርዱ 75፣ የቀረው ለራም ለዲስክ ለፋን ይተርፋል። ኬዙ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አጭር ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ነው የሚገባው፣ ያንን ሳትለኩ እንዳትሄዱ።

ጂቲኤክስ 1060 ለምን አልሆነም የሚል ይኖራል። ጎበዝ ካርድ ነው፣ ፍጥነቱም ከ1650 ይበልጣል። ግን 120 ዋት ነው፣ ገመድ ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ አዲስ የጌም ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ማውጣቱን በኦክቶበር 2025 ላይ አቁሞ ወደ ደህንነት ማስተካከያ ብቻ ወስዶታል። 1650 እዚያ ውስጥ የለበትም።

የኤኤምዲውን አርኤክስ 580 ካርድ የምትፈልጉ ደግሞ ረጋ በሉ። 185 ዋት ከመሆኑ ሌላ፣ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መቆፈር (ማምረት) በሴፕቴምበር 2022 ሲቀር ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ናቸው ገበያውን ያጥለቀለቁት። ሁለት ዓይነት አለ፤ ሙሉው 2304 ሼደር (ምስሉን የሚያሰሉት ትንንሽ ክፍሎች) አለው፣ ሌላው 2048 ብቻ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አያሳውቃችሁም። የካርዱን ማንነት የምታሳየውን ጂፒዩ-ዚ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጫን እንኳ አያስፈልጋትም፣ ሱቁ ውስጥ ከፍታችሁ ማየት ነው። የድሮ የኤንቪዲያ ካርድ ስሙ ተቀይሮ ከሆነም ከስሙ ፊት «ፌክ» ብላ ትጽፍላችኋለች። መገናኛ አንድ ሱቅ ውስጥ ይሄን ከፍተን ስናይ ባለሱቁ «አረ ብሮ፣ በደንብ እየው፣ እኔም ልወቀው» አለን። ደስ የሚለው ሻጭ እንዲህ ያለው ነው። «ኦሪጅናል ነው ስልህ» ብሎ አልከፍትም የሚለውን ትታችሁ ውጡ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። 9020 ከኋላው የራሱ ሁለት ዲስፕሌይፖርት እና አንድ ቪጂኤ የሚባሉ የስክሪን መሰኪያዎች አሉት። ካርድ ሲገባ ብዙ ሰው እነዚህን ይረሳቸዋል። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የኢንቴል ግራፊክስ ግን ሥራ ፈቶ መቀመጥ የለበትም! ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ2 ተጭናችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈት የማሽኑ ማስተካከያ) ግቡ፣ ቪዲዮ የሚለው ሥር መልቲ-ዲስፕሌይ የሚለውን አብሩት። ከዚያ መሃለኛውን ስክሪን ካርዱ ላይ፣ ሁለቱን ጎኖች ማዘርቦርዱ ላይ ሰክታችሁ የኢንቴሉን ድራይቨር ጫኑ። በቃ፣ ሦስት ስክሪን። ካርዱ የጌሙን ስክሪን ብቻ ይይዛል። በዚያ ላይ ኦቢኤስ የምትጠቀሙ ከሆነ ኩዊክ ሲንክ (የኢንቴሉ ቪዲዮ መቅጃ) የሚል ምርጫ ይመጣላችኋል፤ ቅጂውን ኢንቴሉ ይሠራዋል፣ የጌሙ ፍሬም አይነካም ማለት ይቻላል። ሦስቱንም በአንድ ላይ አያይዞ መጫወት ግን በዚህ መንገድ አይሆንም፣ ለዚያ ሁሉም ስክሪን አንዱ ካርድ ላይ መሰካት አለበት።

ሌላ ማሽን ያላችሁ ይሄን ከመሞከራችሁ በፊት የፕሮሰሰራችሁን ስም እዩ። የኢንቴል ሆኖ መጨረሻው ላይ ኤፍ ፊደል ካለ የራሱ ግራፊክስ የለውም። የኤኤምዲው ራይዘን 5 3600ም የለውም፣ 5600ጂ ግን አለው።

ስክሪኖቹን በተመለከተ፣ ሁለቱን ጎኖች ያገለገለ ዴል ፒ2214ኤች ገዛን። እንደ ኮምፒውተሩ ከቢሮ የወጣ ነው። 22 ኢንች የሚባል፣ አይፒኤስ (ከጎን ሲታይም ቀለሙ የማይለወጥ)፣ ሙሉ 1080። እግሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ወደ ቁም ይዞራል፤ ኮድ የሚጽፍ ወይም ቻት የሚከታተል ሰው አንዱን አቁሞ ሊጠቀምበት ይችላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ኤችዲኤምአይ የለውም። ቪጂኤ፣ ዲቪአይ እና ዲስፕሌይፖርት ነው ያለው። ለእኛ ማሽን ይሄ ጉድለት አይደለም፣ ዲስፕሌይፖርት ከዲስፕሌይፖርት ጋር ቀጥታ ይገናኛል። የአዳፕተር ወጪ የለም። ኤችዲኤምአይ ብቻ ያለው ካርድ ይዞ ዲስፕሌይፖርት ስክሪን የሚገዛ ሰው ግን ይቸገራል፤ ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚወስደው ርካሽ አዳፕተር በተገላቢጦሽ አይሠራም።

ያገለገለ ስክሪን ሲገዛ የምናደርገውን ልንገራችሁ። ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት እናነባለን፣ የተመረተበት ወርና ዓመት አለው። ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ቀለማቸውም ይቀራረባል፤ አንዱ ቢጫ አንዱ ሰማያዊ የሚመታ ስክሪን ጎን ለጎን ሲቀመጥ ዓይን ያደክማል። ከዚያ ስልክ ላይ ያዘጋጀነውን ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ምስል ወደ ኮምፒውተሩ አዛውረን እንከፍታለን። ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ጥቁሩ ላይ የሚያበራ ነጥብ ይፈለጋል። ጥቁሩ ላይ ደግሞ ጥጎቹን እዩ፣ ብርሃን የሚያፈስ አለ። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍና ዝቅ አድርጉት። ሳትቸኩሉ ሃያ ደቂቃ ያህል በርቶ ይቆይ፣ ሲሞቅ የሚርገበገብ ስክሪን ያኔ ነው የሚታወቀው። ሻጩ ቢነጫነጭም ቆሙ፣ ብሩ የናንተ ነው።

ራሙን 16 ጊጋ አደረግነው። የኢንቴሉ ግራፊክስ ከራም ላይ ስለሚበደር 8 ጊጋ ከጌም፣ ከክሮም እና ከዲስኮርድ ጋር አይበቃም። ይሄ ማሽን የሚወስደው ዲዲአር3 የሚባለውን የድሮ ራም ነው፤ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ግዙ። ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን ማከማቻ) የሌለው ካለ ከስክሪኑም በፊት እሱን ይግዛ፣ ሌላ አልጨምርበትም። ይሄ ፕሮሰሰር በማይክሮሶፍት በኩል ለዊንዶውስ 11 አልተፈቀደም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ማሽኑ ላይ የባንክ ነገር የምትሠሩ ከሆነ ይሄን አስቡበት።

መብራትን ሳላነሳ ብጨርስ ይቆጨኛል። ሦስት ስክሪን እና ኮምፒውተር አንድ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ ዲቫይደሩን ደግሞ የእንጀራ ምጣድ ከሚሰካበት መስመር ላይ ማንጠልጠል ዕቃ መግደል ነው። ምጣዱ ሲበራ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል አይታችሁ የለ? ኮምፒውተራችሁም ያንኑ ነው የሚያገኘው። አክስቴን «እታባ፣ ምጣዱ ሲጣድ ንገሪን፣ እንዘጋለን» ብለናታል፣ እሷም እሺ ብላ ቀኑን ነግራናለች። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለትንሽ ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ያለው ዕቃ) ግዙ። 650 ቪኤ የሚለው 650 ዋት ማለት አይደለም፣ በርካሾቹ ላይ ከዚያ 60 በመቶ ገደማ ነው። ኮምፒውተሩን እና መሃለኛውን ስክሪን ብቻ ሰኩበት፣ ጎኖቹ ከውጭ ይሁኑ። መብራት ሲሄድ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ነው እንጂ ጌሙን ለመጨረስ አይደለም። መብራት ሲመጣም ወዲያው አታብሩ፣ ኃይሉ እስኪረጋጋ ትንሽ ቆዩ።

መጨረሻ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ገብታችሁ ሳጥኖቹን ጠረጴዛው ላይ ባሉበት ቅደም ተከተል ጎትታችሁ አስተካክሉ፣ መሃለኛውን ዋና ስክሪን አድርጉት። አለበለዚያ ጌሙ በኢንቴሉ ላይ ሊከፈት ይችላል፣ «ካርድ ገዝቼ ምንም አልተለወጠም» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ ነው የሚመጣው። ተኩስ ጌም ላይ ሙሉ ስክሪን ምረጡ፤ በመስኮት ዓይነቱ ማውሱ ወደ ጎን ስክሪን ያመልጣል።

ቀጥሎ ብር ሲገኝ የምንቀይረው መሃለኛውን ስክሪን ነው፣ 144 ኸርዝ ወዳለው (በሰከንድ 144 ምስል ወደሚያሳየው)። የአክስቴ ልጅ ካውንተር ስትራይክ ላይ ሴቲንጉን ዝቅ ሲያደርገው ካርዱ ከ60 በላይ እየሰጠ ነው፣ ስክሪኑ ነው ማሳየት ያቃተው።