ኪሎ ቀነስኩ ብዬ ስደሰት ለካ እግሬ ነበር ያለቀው

67 አመቴ ነው። አምና ስቅለት ለት ቤተክርስቲያን ስሰግድ፣ አስረኛው ላይ ይመስለኛል፣ ግንባሬ መሬት እንደነካ መነሳት አቃተኝ፣ ህመም የለ ምን የለ ብቻ እግሬ እምቢ አለ፣ አጠገቤ የነበረች ልጅ በብብቴ ይዛ አነሳችኝ። እንዴት እንዳፈርኩ!

እኔ ጥፋቱ የቦርጬ ነው ብዬ ደመደምኩ። 74 ኪሎ ነበርኩ። በቃ እራት ተውኩ፣ ስጋ ተውኩ፣ ቁርስ ሻይ በዳቦ፣ በሶስት ወር 6 ኪሎ ወረድኩ። ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ እንዴት አማረብሽ" ሲለኝ ደስታዬን አትጠይቁኝ፣ ግን የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስወጣ (ሶስተኛ ፎቅ ነኝ፣ ሊፍት የለውም) ድሮ አንዴ አርፍ የነበርኩት ሁለቴ ማረፍ ጀመርኩ። ቦርጩ ደሞ እዛው አለ፣ ቀሚሱ የሰፋኝ ጭኔና መቀመጫዬ ላይ ነው።

በልጄ ጭቅጭቅ ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒስቱ "እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከወንበሩ አምስቴ ይነሱና ይቀመጡ" አለኝና ሰአት ያዘ። 21 ሰከንድ! ከ15 ካለፈ የጡንቻ ድክመት ይጠረጠራል አለኝ። ሳርኮፔኒያ ይሉታል፣ ስሙ እኤአ በ1989 ከግሪክ ቃላት የተሰራ ነው፣ የስጋ ድህነት እንደማለት። በእድሜ ጡንቻ ይቀንሳል ስብ ይጨምራል፣ ስቡ ጡንቻው ውስጥ ሳይቀር ይገባል፣ ሰው በዚ እድሜ ዝም ብሎ ሲራብ ደሞ ከስቡ ጋር ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል። ሚዛን ይሄን አይነግርም፣ ቀነስሽ ብሎ ያሞኝሻል። "እኔ እኮ በየቀኑ ኪዳን በእግሬ ነው የምሄደው" ብለው፣ ጥሩ ነው ለልብ ይጠቅማል፣ ጉልበት ግን እየጨመረ የሚሄድ ክብደት ይፈልጋል አለኝ።

ሜሪላንድ ነርስ የሆነችው ልጄ ደሞ በዋትስአፕ እኤአ በ1990 ቦስተን ውስጥ የተሰራ ጥናት ነገረችኝ፣ ከ86 እስከ 96 አመት የሆናቸው 10 የአረጋውያን ማእከል ነዋሪዎች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት ሲያነሱ እስከመጨረሻው የዘለቁት የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ በ174 ከመቶ ጨመረ። እኔ በ67ቱ ምን ይዞኝ ነው ታዲያ።

መጀመሪያ ወንበር ላይ ትራስ ደርቤ ከፍ አድርጌ መነሳት መቀመጥ፣ ስምንት ስምንት ጊዜ ሶስት ዙር፣ ሲቀለኝ ትራሱን አነሳሁ፣ ከዛ ውሃ የሞላ ሁለት ሊትር ሀይላንድ አቅፌ፣ አሁን ዱካ ላይ ደርሻለሁ። የእቃ ማጠቢያውን ይዤ ደሞ በእግር ጣቴ መቆም። የመጀመሪያ ሳምንት ጓጉቼ በየቀኑ ሰራሁና ጉልበቴ አብጦ አስር ቀን ተኛሁ፣ ስለዚ በሳምንት ሶስቴ፣ ቀን እየዘለላችሁ። ሲነሱ ትንፋሽ መያዝም አይገባም፣ እኔ ግፊት አለብኝ፣ አንዴ ዞሮብኝ ነው የተማርኩት።

ከስፖርቱ ይልቅ የከበደኝ ምግቡ ነው። በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይላሉ፣ ለኔ ለ68 ኪሎዋ በቀን ከ68 እስከ 82 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል እኮ 6 ግራም ገደማ ነው ያለው! ጾም ሲገባ ጨነቀኝ፣ ግን መፍትሄው ጓዳዬ ነበር፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ወደ 18 ግራም አለው። የኛ ችግር እንጀራው ሰፊ ወጡ ጭላፊ መሆኑ ነው። እኔ እንጀራውን ግማሽ አደረግኩ፣ ሽሮዬን አወፈርኩ፣ ቁርስ ሻይ በዳቦው ቀርቶ ፉል ሆነ፣ እራትም ተመለሰ። ኩላሊት የሚያማችሁ ግን ፕሮቲን ከመጨመራችሁ በፊት ሀኪም ጠይቁ።

በአራት ወር ውስጥ ያንን የወንበር ፈተና በ13 ሰከንድ ጨረስኩ። ሚዛኑ ላይ 70 ኪሎ ነኝ፣ ሁለት ጨምሬያለሁ ማለት ነው፣ ቀሚሴ ግን ወገቡ ላይ ሰፍቶኛል። ሰፈር "ወፈርሽ እንዴ" ብሏል፣ ይበል።

ባለፈው 5 ኪሎ ሽንኩርት ይዤ ደረጃውን ስወጣ ሁሌ የሚያወጣልኝ የጥበቃው ልጅ ሮጦ መጥቶ "እማማ ምን አስቀየምኩዎት?" አይለኝም! ምንም ልጄ ብዬ የሻይ ሰጠሁት፣ ሽንኩርቱን ግን አላስያዝኩትም።