ኔቪገስ፣ የቤቶኗ ማርያም

ዛሬ ጀርመን ውስጥ ያለችው ኔቪገስ ደርሼ መጣሁ፣ ከቩፐርታል ከተማ በባቡር ቅርብ ናት። ጓደኛዬ የድሮ የፍራንሲስካን (የካቶሊክ መነኮሳት ማህበር) ገዳም ስትለኝ የጠበቅኩት ሌላ ነበር፣ ያየሁት ግን በሰፈሩ ጣሪያዎች መሃል ብድግ ያለ ግራጫ የቤቶን ቤተክርስቲያን፣ መስቀል ባይኖረው ተራራ ነው የሚባል።

ታሪኩ ደሞ የሚጀምረው ከአንዲት ትንሽዬ ወረቀት ነው። በ1676 (በፈረንጆቹ ነው ሁሉም) ዶርስተን በምትባል ከተማ የነበሩ አንቶኒዩስ ሺርሌይ የሚባሉ መነኩሴ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ባለች የማርያም ስዕል ፊት ሲጸልዩ "ወደ ሃርደንበርግ ውሰደኝ፣ እዛ ልከበር" የሚል ድምጽ ሰሙ ይባላል። ሃርደንበርግ ያው ይሄ አካባቢ ነው፣ ያኔ ሰዉ አብዛኛው ፕሮቴስታንት፣ ፍራንሲስካኖቹም ገና መግባታቸው። ስዕሏ መጣች፣ ከዛ የፓደርቦርኑ ጳጳስ ፈርዲናንድ ፎን ፉርስተንበርግ በጠና ታመው ሲድኑ በ1681 ስለታቸውን አደረሱ፣ በቃ ሰው መጉረፍ ጀመረ። ስለት ሰመረ ከተባለ ማን ይቀራል፣ ቁልቢም እንደዛው ነው።

አሁን ያለውን ቤተክርስቲያን የሰራው አርክቴክቱ ጎትፍሪድ በም ነው፣ በ1968 ተመረቀ። የኮሎኙ ካርዲናል ፍሪንግስ አይናቸው ደክሞ ስለነበር ሞዴሉን በጣታቸው ዳስሰው ነው የወደዱት ይባላል፣ እኔ ይሄን አምናለሁ፣ በአይን ብቻ ቢሆን ማን ይፈርምለት ነበር! ውስጡ ጨለም ይላል፣ የውጪው ጡብ ንጣፍ ሳይቋረጥ ይገባል፣ መብራቶቹም የመንገድ መብራት ናቸው፣ እንደ ከተማ አደባባይ እንዲሆን አስቦ ነው። እኔማ በር ላይ እጄ ወደ ጫማዬ ሄዶ ነበር ሃሃ። ደስ የሚለው መስኮቱ ነው፣ ትልቅ ቀይ ጽጌረዳ፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ቤቶኑ ላይ ቀይ ይፈስበታል፣ አንዲት እናት ከነመቁጠሪያቸው እዛው ቀዩ ላይ ተቀምጠዋል። ያቺ ወረቀት ደሞ አንድ አምድ ላይ ናት፣ ካልተጠጉ አትታይም።

መነኮሳቱ ግን የሉም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በጀርመኑ መሪ በቢስማርክ ጊዜ ተባረው እንኳን ተመልሰው ነበር፣ በ2020 የሄዱት ማንም ሳያባርራቸው፣ ቁጥራቸው ስላነሰ ብቻ። ይሄ ነው ያናደደኝ። አሁን ከፈረንሳይ የመጡ የቅዱስ ማርቲን ማህበር ካህናት ናቸው ያሉት፣ ቅዳሴው አልተቋረጠም፣ ጣሪያውም ያፈስ ስለነበር በካርቦን መረብ የተጠናከረ ስስ ቤቶን አልብሰውታል።