ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለቴ ነበር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የቤት ዕቃና የጽሕፈት መሣሪያ በጅምላ በሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር፣ ሁላችንም አፕዴት የምንለውን ማሻሻያ ጭኖ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ ሰርቨሩን፣ ማለትም የሁላችንም ሥራ የሚያልፍበትን ዋና ኮምፒውተር፣ አዝዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሰዓቱን የመረጥኩት በደንብ አስቤበት ነው፤ ካሸሩም፣ የመጋዘን ሠራተኛውም፣ አለቃውም በእንቅልፍ ላይ የሚሆኑበት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። በመሙያው ቦታ ላይም 9፡00 ብዬ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ግን ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ተነሥቶ ነው እንጂ እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ አይደለም፤ ስለዚህ ትእዛዜን የፈጸመው በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ከክልል የመጡ ነጋዴዎች ጭነት እየጠበቁ፣ ሦስት ካሸሮችም ደረሰኝ እየቆረጡ ሳለ ነበር።

ሰርቨሩ ተመልሶ እስኪነሣ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ፈጀ። እስከዚያ ቀን ድረስ በደንበኛነት ብቻ እሰማት የነበረችውን «ሲስተም የለም» የምትለውን ቃል ያን ዕለት እኔው በሰው ፊት ቆሜ ተናገርኳት። ለአለቃዬም «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለቴ ነበር» ብዬ አስረዳሁ፤ እሳቸውም ሳቅና ቁጣ እየተናነቃቸው አለፉኝ። ከሁሉም ይልቅ ውስጤ የቀረው ግን የዋናዋ ሒሳብ ሹም ንግግር ነው። «ልጄ፣ ሰዓቱንስ ባትሳሳት ኖሮ? ዛሬ እኮ ወር መዝጊያ ነው። ማንን ጠይቀህ ነው?» አሉኝ። ማንንም አልጠየቅኩም ነበር። መጠየቅ እንዳለብኝም አላወቅኩም፤ ማሻሻያ የእኔ ሥራ፣ ሒሳብ ደግሞ የእሳቸው ሥራ ይመስለኝ ነበር።

የሥራ ሶፍትዌር መሻሻል አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር በእኔ በኩል ያለቀለት ነው፤ አለበት። መቼ የሚለውን ጥያቄ ግን የኮምፒውተር ባለሙያ ለብቻው ሊመልሰው አይችልም ብዬ አምናለሁ፤ መልሱ ያለው በሥራው ቀን መቁጠሪያ ውስጥ ስለሆነና ያንን ቀን መቁጠሪያ በልቡ የያዘው ደግሞ ካሸሩ፣ ሒሳብ ሹሙና የመጋዘን ኃላፊው ስለሆነ ነው። ባለሙያው ማወቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ መዘግየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ መቸኮልም ምን እንደሚያስከትል።

መዘግየት የሚያስከፍለውን በ2009 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ አይቶታል። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ላይ የነበረውን አንድ ከባድ ክፍተት የሚደፍን ማሻሻያ መጋቢት 5 ቀን አወጣ፤ ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ግንቦት 4 ቀን ተነሥቶ በዚያው ክፍተት ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ገባ፤ በእንግሊዝም የሐኪም ቤት ቀጠሮዎችን አሰረዘ። በመካከሉ 59 ቀናት ነበሩ። ከተጠቁት መካከል ቸል ያሉ እንደነበሩ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን «ሥራው ትንሽ ጋብ ሲል እንጭነዋለን» እያሉ አመቺ ቅዳሜ ሲጠብቁ የቆዩም እንደነበሩ ይሰማኛል፤ እኔም ከእነዚህ ወገን ስለሆንኩ ነው እንዲህ የምለው።

መቸኮል የሚያስከትለውን ደግሞ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ጠዋት አየን። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ አንዲት የተበላሸች ፋይል ለደንበኞቹ ላከ። ስሕተቱን አውቆ ፋይሏን ለመመለስ የወሰደበት 78 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ሆኖም በዚያች አጭር ጊዜ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ገጽ አሳይተው ቆሙ፤ በየአየር ማረፊያው በረራ ተሰረዘ። ከዚህ ታሪክ እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ከኩባንያው ደንበኞች መካከል ጥንቁቆች ነበሩ፤ አዲሱን የፕሮግራም ሥሪት ወዲያው ላለመቀበል አንድ ሥሪት ወደ ኋላ ቀርተው እንዲቆዩ ያስተካከሉ። ያቺ ፋይል ግን እንደ አዲስ ሥሪት ሳይሆን እንደ ዕለታዊ የመረጃ ማሻሻያ ስለተላከች የእነርሱን ማቆያ አልፋ ገባች። ስለዚህ ማንኛውንም ሶፍትዌር ስንገዛ «ማሻሻያው መቼ እንደሚገባ የሚወስነው ማን ነው?» ብለን መጠየቅ ያለብን ከዋጋው በፊት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሻጩም ይህንን ጥያቄ ሲሰማ ይገረማል።

ወደ ራሴ ሥራ ልመለስ። ማይክሮሶፍት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያውን የሚያወጣው በፈረንጆቹ ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ሲሆን ይህም በእኛ ሰዓት እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይውላል። በመሆኑም ረቡዕ ጠዋት ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውረድ ይጀምራሉ፤ መስመሩ ቀጭን የሆነው ቅርንጫፋችንም ያን ቀን ደረሰኝ እንኳ ለመላክ ይቸገራል። አንዱ ኮምፒውተር አውርዶ ለጎረቤቶቹ እንዲያካፍል የሚያደርግ ማስተካከያ ዊንዶውስ ውስጥ መኖሩን ሳውቅ ግማሹ ችግር ተቃለለ። የቀረውን ግማሽ ያቃለለው ማቆየት ነው፤ በባለሙያ የሚተዳደሩ ኮምፒውተሮች ላይ ወርሃዊውን ማሻሻያ እስከ 30 ቀን፣ አዲሱን የዊንዶውስ ሥሪት ደግሞ እስከ 365 ቀን ማቆየት ይቻላል። እኔ ወርሃዊውን ረቡዕ ዕለት በራሴና በሁለት ፈቃደኛ ባልደረቦቼ ኮምፒውተር ላይ እጭናለሁ፤ አሥር ቀን ያህል በሰላም ከሠራ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ለሌሎቹ ይደርሳል። ክፍተቱን ሌቦች አስቀድመው እየተጠቀሙበት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ሥርዓት ይቀራል፤ በዚያው ምሽት እንጭናለን፣ ለሚከተለውም ጣጣ እንዘጋጃለን።

የሒሳብ ሶፍትዌሩ ግን ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። ፒችትሪን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተቀየረ ዓመታት ቢቆጠሩም በየሒሳብ ክፍሉ ዛሬም ፒችትሪ ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ከፍ ወዳለ ሥሪት ሲሻገር ሰርቨሩም ሆነ በላዩ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ሥሪት ላይ መሆን አለባቸው፤ አንዱን ረስተህ ብትሄድ ሰኞ ጠዋት ያ ሠራተኛ መግባት አይችልም። ከዚህም የባሰው አዲሱ ሥሪት የድርጅቱን መዝገብ አንድ ጊዜ ከፍቶ ከቀየረው በኋላ አሮጌው ሊከፍተው አለመቻሉ ነው። ወደ ኋላ የሚወስደው መንገድ ከመጫኑ በፊት የወሰድከው ባክአፕ፣ ማለትም የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ብቻ ነው፤ ባክአፕ አለ ማለትና ባክአፑ ይመለሳል ማለት ደግሞ በጣም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተማርኩት በሌላ ቀን፣ በሌላ ላብ ነው።

ታዲያ ለዚህ ሥራ ዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን አለ? ከሒሳብ ሹሟ ጋር ቁጭ ብለን ስንቆጥር ከጠበቅኩት እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ሰኔ ከተጋመሰ ቆጠራ አለ፤ ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ደግሞ የዓመቱን ሒሳብ አዘጋጅቶ ግብር የማስታወቁ ሥራ እንደ እኛ ላሉት እስከ ጥቅምት 30 ይዘልቃል። በዚህ መካከል ነሐሴና መስከረም አሉ፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥበት፣ እኛ የዓመቱን እንጀራ የምንጋግርበት ወቅት ነው። በየወሩ መጨረሻ የደመወዝ ግብር፣ ጡረታና ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። የገናና የፋሲካ ዋዜማዎችንም አውጡ። የቀረን ኅዳር እና የካቲት፣ እነርሱም ከወሩ 5 እስከ 20 ባለው ጊዜ ብቻ ነበሩ። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ስለሚል የካቲት መጨረሻና መጋቢትም አንዳንድ ዓመት ይጨመራሉ። ይህንን ከማንኛውም የሶፍትዌር መመሪያ ላይ ላነብበው አልችልም ነበር።

የውጭው ቀን መቁጠሪያና የእኛው የሚጋጩበትን ጊዜ አስቀድሞ ማየትም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ የሚያቆምበትን ቀን ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ብሎ ከዓመታት በፊት ሲያስታውቅ ለብዙዎች ሩቅ መስሎ ነበር። ወደ እኛው ሲመለስ ግን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ሒሳብ ሹሞቻችን ራታቸውን ቢሮ የሚበሉበት ሰሞን። በዚህ ምክንያት ኮምፒውተሮቹን የቀየርነው ግንቦት 2017 ላይ ነው፤ አንዳንዶች «ገና አምስት ወር እያለ ምን አስቸኮለህ?» ብለውኝ ነበር።

ቀኑን አንተ የማትመርጠው ማሻሻያም አለ። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ሲያሳድግ፣ 35 በመቶ ግብር የሚጀምርበትን የደመወዝ መጠን ደግሞ ከ10,900 ወደ 14,000 ብር ከፍ አድርጎታል። አዋጁ የጸደቀው ሐምሌ ከገባ በኋላ ቢሆንም ተፈጻሚነቱ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ስለነበር፣ «ሐምሌ ሒሳብ መዝጊያ ነው፤ ፕሮግራሙን አንነካም» የሚለው ሕጋችን በሕግ ተሻረ። እዚህ ላይ የደመወዝ ፕሮግራሞች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ የግብሩን ሠንጠረዥ ከሚጸናበት ቀን ጋር አብረው ስለሚይዙ አዲሱን ከጎኑ ይጨምሩታል፤ ሌሎቹ ደግሞ አሮጌውን አጥፍተው በላዩ ይጽፉበታል። የእኛው ከሁለተኛው ዓይነት ነው። በሰኔ ደመወዝ ላይ የተገኘች አንዲት ስሕተት ለማረም ወደ ኋላ ስንመለስ ፕሮግራሙ የሰኔን ግብር በሐምሌው ሠንጠረዥ ሊያሰላ ስለሚችል፣ የሰኔው ሥራ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ እስኪፈረምበት ድረስ ሠንጠረዡን ሳልነካ ቆየሁ። የጠበቅኩት ስድስት ቀን ነው፤ በእነዚያ ስድስት ቀናት ውስጥ ግን ሁለት እርማቶች መጡ።

ሌሊትን እንደ ድሮው አላምነውም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ያጋጠመውን፣ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ያወጡበትን ችግር፣ ታስታውሳላችሁ፤ ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት እንደነበር ገልጿል። ለባንክ፣ ቀንም ሌሊትም ለሚሠራ ተቋም፣ ምርጫው ጠባብ መሆኑ ይገባኛል። እንደ እኛ ያለ ድርጅት ግን ሌሊትን የሚመርጠው ሰው ስለሌለ ከሆነ፣ ስሕተቱን የሚያይም ሰው እንደሌለ ማሰብ አለበት። እኔ የመረጥኩት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላን ነው። ቢሮው 7 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አንዲት ካሸርና አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ተከፍሏቸው ይቆያሉ፤ ነገሩ ከተበላሸም እሑድ ሙሉ ቀን አለን።

ያን ከሰዓት የማሰላው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ባክአፑን መልሶ አሮጌውን ሥሪት ማስነሣት ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነና ምሽት 1 ሰዓት ላይ ቤቴ መሄድ ከፈለግኩ፣ የመወሰኛው ሰዓት ከቀኑ 11 ነው። በዚያ ሰዓት ካሸሯ አንድ ደረሰኝ ቆርጣ መሰረዝ ካልቻለች፣ ወይም ከመጫኑ በፊት የታተመው ትራያል ባላንስ (የሁሉም ሒሳቦች ቀሪ ዝርዝር) ከተጫነ በኋላ ከታተመው ጋር በሳንቲም እንኳ ከተለያየ፣ ምክንያቱን ሳልፈልግ እመለሳለሁ። ይህ ለባለሙያ የሚከብድ ነው፤ «አሥር ደቂቃ ብቻ ስጡኝ» የሚል ፈተና አለ፣ አሥር ደቂቃዋም ሌሊቱን ሙሉ ትሆናለች። መብራት ቢጠፋ የሰርቨሩ ባትሪ የሚይዘው ለ20 ደቂቃ ስለሆነ፣ የጄነሬተሩ ጥበቃ ስልኩ ክፍት መሆኑንም አስቀድሜ አረጋግጣለሁ።

አሁን በሒሳብ ሹሟ ቢሮ ግድግዳ ላይ አንድ የወረቀት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። እሳቸው የማይነኩትን ቀን በቀይ ያሰምሩበታል፣ እኔ ደግሞ የምፈልገውን በእርሳስ እጽፍበታለሁ። ያለፈው ሳምንት የጻፍኩትን ቅዳሜ «የመጋዘን ቆጠራ አለን» ብለው ሰረዙት፤ እኔም ወደሚቀጥለው አዛወርኩት። ሰዓቱን ስነግራቸው እንደ ወትሮው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ካልጻፍኩ አይፈርሙም።