ወኪሉ የሐጂን ብራንድ በራሱ ስም ሲያስመዘግብ

ስራህ ምንድነው ሲሉኝ "ኢንተርናሽናል የንግድ ምልክት ጠበቃ" ካልኩ ሰው ወዲያው የሚታየው ቦሌ ኤርፖርትና ከረባት ነው። እኔ ግን ያለሁት ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ አንዲት ክፍል ቢሮ ውስጥ ነው፣ ኢንተርናሽናል የምሆነውም ኔትወርክ ሲኖር ብቻ ነው ሃሃ።

በረመዳን ሰሞን የሆነውን ላውራችሁ። ደንበኛዬ ቡና ላኪ ናቸው፣ ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው። ዋና ስራቸው የሊሙ ጥሬ ቡና ነው ግን ትንሽ ትንሽ ደግሞ ቆልተው አሽገው በራሳቸው ብራንድ ጀርመን ይልካሉ። ብራንዱ እዚህ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ተመዝግቧል፣ ሰርተፊኬቱ 7 ዓመት ያገለግላል ከዛ ይታደሳል። እኔ አልፎ አልፎ የውጭ ዳታቤዞችን ለደንበኞቼ ፈተሽ ፈተሽ አደርጋለሁ፣ ብዙ ጊዜ ምንም አይገኝም። የዛን ቀን ግን የአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ቢሮ (ስፔን አሊካንቴ ያለው) ገጽ ላይ የሐጂን ስም ከነሎጎው አየሁት፣ ክላስ 30፣ ማለትም ቡና ያለበት የእቃ ምድብ። አመልካቹን ሳይ ጀርመን ያለው የራሳቸው ወኪል!

ሐጂ ሲሰሙ "ይሄ ልጅ እኮ ቤቴ ገብቶ በልቶ ነው የሄደው" አሉ። ከዛ ሰርተፊኬታቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ፣ "ይሄ እያለኝ እንዴት ይሆናል?" ሐጂ፣ አልኳቸው፣ ይሄ ወረቀት የሚሰራው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ ምልክት በየሀገሩ ነው የሚመዘገበው። መንግስት ራሱ እኮ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን አሜሪካ ድረስ ሄዶ ለማስመዝገብ ያመለከተው ለዚህ ነው፣ ከስታርባክስ ጋር የተጨቃጨቀውም፣ በ2007 የተስማማውም። (በነገራችን ላይ እነዛ ሦስቱ ውስጥ ጅማም ሊሙም አልነበሩም፣ ይሄን ሳነሳ ሐጂ ሁሌ ይናደዳሉ።)

ደግነቱ አልረፈደም ነበር። አውሮፓ ላይ ማመልከቻ ከታተመ በኋላ ለተቃውሞ 3 ወር ይሰጣል፣ ደግሞ ወኪል የሆነ ሰው ያለባለቤቱ ፈቃድ በራሱ ስም ካመለከተ ይሄ ራሱን የቻለ የመቃወሚያ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ነው ያ የሐጂ ሰርተፊኬት ጥቅም ያለው፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያሳያል። የተቃውሞው ክፍያ 320 ዩሮ ነው፣ የጠበቃውን ሳይጨምር። እኔ ከጅማ ሆኜ መከራከር አልችልም፣ የኛ አይነት የውጭ ድርጅት እዛ ፈቃድ ባለው የሕግ ወኪል በኩል ነው የሚቀርበው፣ ስለዚህ ጀርመን ያለ ጠበቃ ያዝን። እሱ መጀመሪያ የጻፈልኝ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ሰውየው ወኪላችሁ እንደነበረና ስሙ የናንተ መሆኑን እንደሚያውቅ ቀን ያለበት ማስረጃ ላክ ነው ያለው፣ በቃ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማሩ ልጆች መጥተው ይሄ ሙያ ምን ይፈልጋል ሲሉኝ የንግድ ምልክት ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን እንዲያነቡ ከነገርኳቸው በኋላ ፋይል መቆፈር የማይሰለቸው ሰው ይፈልጋል የምላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮንትራት የሚባል የለም፣ ስራው የተጀመረው በስልክና በመተማመን ነው። ኢንቮይሶቹን ስናይ ደግሞ አብዛኞቹ የጥሬ ቡና ናቸው፣ 320 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ፣ ሊሙ ግሬድ 2፣ ብራንዱ የትም አልተጻፈም። ለኛ ክርክር ዜሮ። ከአፍጥር በኋላ ማታ ማታ የሐጂ ሳሎን ወረቀት በወረቀት ሆነ፣ ልጆቻቸውም ሳይቀሩ ይለያሉ፣ ሐጂ ደግሞ በየወረቀቱ ታሪክ እየነገሩን ስራው አይሄድም።

ነገሩን የፈታችው ሒሳብ ያዧ ናት፣ እትዬ ነው የምንላት። "ስለ ማሸጊያው የተጻጻፍነው አይጠቅምም እንዴ?" አለች እንደዋዛ። ማሸጊያው ሲሰራ ኢሜይል የምትመላለሰው እሷ ነበረች ለካ፣ አንዱንም አላጠፋችም። ከፈትነው። ሰውየው የከረጢቱን ዲዛይን አያይዞ ሎጎአችሁን ትንሽ ዝቅ ላድርገው ወይ፣ ትፈቅዳላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ቀኑም ከማመልከቻው በፊት! ጀርመን ላለው ጠበቃ ስልክለት መልሱ አንድ መስመር ነበር፣ ይሄ ይበቃናል የሚል።

ተቃውሞው ገባ። እዛ ክርክሩ ወዲያው አይጀመርም፣ መጀመሪያ 2 ወር ለድርድር ይሰጣል፣ ሁለቱም ከተስማሙ እስከ 24 ወር ይራዘማል። ለሐጂ ይሄን ሳስረዳ "ሽምግልና ነዋ!" አሉ፣ ከዛ በኋላ ከኔ በላይ ገባቸው። ጠበቃው ማመልከቻውን ብቻ ያንሳ ሲል ሐጂ እምቢ አሉ፣ ያንሳ ሳይሆን ወደኔ ያዙር፣ ካነሳው እኔ እንደገና 850 ዩሮ ከፍዬ ልጀምር ነው እንዴ? ልክ ናቸው። ሰውየው ኢሜይሉን ካየ በኋላ ብዙም አልተከራከረም፣ ማመልከቻውን አዛወረ፣ ሐጂም ቡና መሸጡን እንዲቀጥል ተዉት። እኔ ብሆን አልተወውም ነበር፣ ግን ገበያውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

አሁን ለወኪሎች ሁሉ ኮንትራት እያዘጋጀን ነው፣ ወኪሉ ስሙንም ሎጎውንም ዶሜይኑንም በራሱ ስም አያስመዘግብም የሚል አንቀጽ አለበት። የዱባዩ ወኪል ያቺን አንቀጽ ብቻ ሰርዞ ፈርሞ ላከልን። ሐጂ "እዛስ ለማስመዝገብ ስንት ነው?" ብለው ደውለዋል፣ ዋጋ እያጣራሁ ነው።