ሦስቱን በአንድ ፍላስክ፦ የአልፋ-አሚኖፎስፎኔት አሠራር

አልፋ-አሚኖፎስፎኔት የአሚኖ አሲድ አምሳያ ነው፤ በካርቦክሲሉ ቦታ ፎስፎረስ ገብቶበታል። ፎስፎረሱ ዙሪያ ያለው ቴትራሄድራል (አራት ማዕዘናት ያሉት) ቅርጽ ፔፕታይድ ሲቆረጥ ለቅጽበት የሚፈጠረውን ቅርጽ ስለሚመስል ኢንዛይምን ይገታል። ባክቴሪያን የሚያጠቃው አላፎስፋሊን የዚሁ ቤተሰብ ነው። አልዴሃይድን፣ አሚንንና ፎስፋይትን አንድ ላይ አዋህዶ እሱን የሚሠራውን መንገድ በ1952 ኬሚስቶቹ ካባችኒክና ሜድቬድ በአንድ ወገን፣ ፊልድስ በሌላ ወገን አወጡት።

ለሙከራ የሚበቃው መጠን ይኸው፦ ቤንዛልዴሃይድ 5 ሚሊሞል (0.51 ሚሊ ሊትር)፣ አኒሊን 5 ሚሊሞል (0.46 ሚሊ ሊትር)፣ ዳይኢታይል ፎስፋይት 5.5 ሚሊሞል (0.71 ሚሊ ሊትር)፣ ካታሊስቱ (አፋጣኙ) ኢንዲየም ክሎራይድ 10 ሞል ፐርሰንት (111 ሚሊ ግራም)፣ ማሟሚያው ደረቅ ቴትራሃይድሮፍዩራን 10 ሚሊ ሊትር። አኒሊን በቆዳ በኩል ስለሚገባ ያለ ጓንትና ያለ ፊውም ሁድ (ጭስና ትነት መሳቢያ) አይነካም።

አልዴሃይዱና አኒሊኑ መጀመሪያ ለብቻቸው ከካታሊስቱ ጋር 20 ደቂቃ ይማሰሉ፤ ኢሚኑ (ካርቦንና ናይትሮጂን በድርብ ቦንድ የተያያዙበት ውህድ) ይፈጠር። ፎስፋይቱ ከዚያ በኋላ ይጨመር፤ ቀስ እያሉ አሙቆ በቲኤልሲ (በስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ) መከታተል ነው። አንድ ፍላስክ ማለት ሁሉን በአንድ ጊዜ መድፋት ማለት አይደለም! ኢሚኑ ሳይደርስ ፎስፋይት ከገባ አልዴሃይዱን በቀጥታ ይይዝና ሃይድሮክሲፎስፎኔት የሚባል ያልተፈለገ ውህድ ይሰጣል። በአኒሊን አደጋው ትንሽ ነው፤ እንደ 4-ናይትሮአኒሊን ባለ ደካማ አሚን ወይም በኬቶን ግን ይብሳል።

ኢሚን ሲፈጠር ውኃ ይወጣል። ኢንዲየም ይችለዋል፤ አልሙኒየም ክሎራይድ ግን በዚያው ውኃ ይበላሻል። ቆይቶ አየር ያገኘው ቤንዛልዴሃይድ ደግሞ ቤንዞይክ አሲድ አዝሎ ይመጣል፤ በሶዲየም ካርቦኔት አጥቦ ዲስቲል ማድረግ ያስፈልጋል። የጠቆረ አኒሊንም እንዲሁ ዲስቲል ይደረግ።

ሲያልቅ ቴትራሃይድሮፍዩራኑ ይተነናል፣ ቅሪቱ በኢታይል አሲቴት ተሟሙቶ በባይካርቦኔት ይታጠባል፤ የተረፈው ፎስፋይት አብዛኛው በዚህ ይወጣል። ምርቱ ሙሉ ቢገኝ 1.6 ግራም ገደማ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤንኤምአር (የሞለኪዩልን አሠራር በማግኔት የሚያሳይ መለኪያ) ላይ ነው። በፎስፎረስ ኤንኤምአር ያልሠራው ፎስፋይት 7 ፒፒኤም አካባቢ ስለሚቀመጥ ወዲያው ይለያል። ምርቱ 22፣ ሃይድሮክሲው 21 አካባቢ ስለሚወድቁ ግን ፎስፎረስን ብቻ አይቶ ማመን አያዋጣም። የሃይድሮጂኑ ስፔክትረም ይለያቸዋል፦ ናይትሮጂን የያዘው ካርቦን ላይ ያለው ሃይድሮጂን 4.8 አካባቢ በ24 ኸርዝ ተሰንጥቆ ይታያል፤ የሃይድሮክሲው 5.0 አካባቢ በ11 ኸርዝ ብቻ። ሁለት የሜታይል ትሪፕሌት (ሦስት ጫፍ ያለው ምልክት)፣ 1.1 እና 1.3 ላይ፣ ሲታዩ ደግሞ ቆሻሻ ነው ተብሎ ምርቱ እንደገና ማጣሪያ ኮለም ላይ እንዳይጫን። ካርቦኑ ካይራል (አራት የተለያዩ ቡድኖች የያዘ) ስለሆነ ሁለቱ የኢቶክሲ ቡድኖች እኩል አይደሉም።