በጾም ጥብስ የሚሸተው ኦቨን

ጾመ ነቢያት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ኦቨኔን ለመጀመሪያ ጊዜ አበራሁት። ለገና እናቴ ቤት ራሴ የጋገርኩትን ድፎ ይዤ ልገባ አስቤያለሁ። ልምምዱን ቶሎ ልጀምር ብዬ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ኩሽናው ጢስ በጢስ ሆነ። ጢሱስ መስኮት ይከፈትለታል። ያዋረደኝ ሽታው ነው። ቤቱ የበግ ጥብስ፣ የበግ ጥብስ አለ። ፊት ለፊት የሚኖሩት እትዬ በራቸውን ገርበብ አድርገው «ምነው ልጄ፣ በጾሙ?» አሉኝ። እኔ ከሽሮና ከምስር ሌላ የቀመስኩት የለም።

ስቶቩን የገዛሁት ወደ ውጭ ከሚሄዱ ሰዎች ነው። ሦስቱ ምድጃ በጋዝ፣ አንዱ በኤሌክትሪክ፣ ኦቨኑም በኤሌክትሪክ። በርካሽ ስላገኘሁት ደስ ብሎኝ ነበር። በጉን እነሱ በሉ፣ ሐሜቱ ለእኔ ተረፈ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ሰባት ወር ሙሉ ኦቨኑን ለምን እንደተጠቀምኩበት አትጠይቁኝ፤ እናንተም ቤት ያው ነው። ትሪ፣ መጥበሻ፣ ክዳኑ የጠፋ ድስት፣ የተጣጠፈ ፌስታል። አንድ ቀን እንኳ ውስጡን በደንብ አላየሁትም። ዕቃውን አውጥቼ የስልኬን መብራት ሳበራ ደነገጥኩ። ወለሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት ተጋግሯል፣ በጥፍር ሲነካ ንቅንቅ አይልም። ግድግዳው ቫርኒሽ የተቀባ ይመስላል። በሩ መስታወት እንዳለው ያወቅኩት በጣቴ ሳንኳኳው ነው።

ለኦቨን ተብሎ የሚሸጠውን የሚረጭ ማጽጃ ሱፐርማርኬት አይቼው ዋጋውን ሳነብ መልሼ አስቀመጥኩት። ለራሴ 400 ብር በጀት ያዝኩ። ከዚያ አይበልጥም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፦ ከንቱ አረፋ

ሁሉም ሰው የሚያወራው ዘዴ ሶዳና አቼቶ ነው። እኔም ሱቅ ሄጄ «ሶዳ» አልኩ፤ ልጁ አንድ ቆርቆሮ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ሳነበው ቤኪንግ ፓውደር ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ ከሶዳው ጋር ደረቅ አሲድ አብሮ አለ። ውሃ ሲነካው እርስ በእርሱ ተበላልቶ ያልቃል። ለኬክ ጥሩ ነው፣ ለቅባት ግን ጉልበት የለውም። ተመልሼ ግማሽ ኪሎ ቤኪንግ ሶዳ ገዛሁ።

ሶዳውን ወለሉ ላይ ነሰነስኩ፣ አቼቶውን አፈሰስኩበት። ተንጨረጨረ! አረፋው እስከ ጎን ወጣ፣ እኔም ቪዲዮ ቀረጽኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጨርቅ ስጠርገው ከሥሩ ያው ጥቁር ቅርፊት ቁጭ ብሎ ያየኛል።

ምክንያቱን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። አቼቶ አሲድ ነው። ሶዳ ደግሞ ተቃራኒው፣ አልካሊ ነው። ቅባትን የሚያላቅቀው አልካሊው ነው። ሁለቱን ስትቀላቅሏቸው ይጠፋፋሉ። ያ ሁሉ አረፋ ለስላሳ ውስጥ ያለው ጋዝ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። የሚተርፋችሁ ጨዋማ ውሃ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩን «አይሆንም» ብዬ መልሼ፣ ያንኑ ስህተት በእጄ ደገምኩት ማለት ነው።

አንድ ወዳጄ «በረኪና ጨምርበት» ብሎ መከረኝ። ይህን በፍጹም አታድርጉት። በረኪና ነጭ ያደርጋል እንጂ የተቃጠለ ቅባት አይፈታም። ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ጠባብ ኩሽና ውስጥ፣ ጭንቅላትን ኦቨን ውስጥ ከትቶ፣ ይህ ቀልድ አይደለም።

እናቴና ምጣዱ

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ቅርፊቱን ስነግራት ሳቀች። «አንተ፣ እሱማ ተሟሽቷል!» አለችኝ።

መጀመሪያ የቀለደች መስሎኝ ነበር። ሳስበው ግን ትክክል ናት። አዲስ የእንጀራ ምጣድ ሲሟሽ ጎመን ዘር ተፈጭቶ እየታሸ ይጋላል። ዘይቱ በሙቀቱ እርስ በእርሱ ይያያዝና ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጠንካራ ሽፋን ይሆናል። እንጀራው የማይጣበቀው ለዚህ ነው። የእኔም ኦቨን ግድግዳ ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በጎመን ዘር ፋንታ በበግ ስብ መሟሸቱ ብቻ ነው። ታዲያ ምጣድን በአንድ ቀን ፍትጊያ ማን አላቀቀው? እናቴ ምጣዷን ልጅ ቢፈገፍግባት የምታደርገውን አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ ተቀየረ። ምን ልቀባ ሳይሆን ስንት ሰዓት ላቆየው ሆነ።

እናቴ አንድ ነገር ጨመረች። «አመድ የለህም እንዴ?» ኮንዶሚኒየም ውስጥ አመድ ከየት ይመጣል ብዬ ተከራከርኩ። ለካ ምድር ቤት በር ላይ ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ በየቀኑ ትደፋዋለች። በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝ። «ለምንድን ነው?» ስትለኝ «ለኦቨን» አልኳት፤ አላመነችኝም መሰለኝ።

ሁለተኛው ቅዳሜ፦ ግራና ቀኝ

መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀልኩ። ከዚያ ፈተና አደረግሁ፤ የግራው ግድግዳ በሶዳ፣ የቀኙ በአመድ።

ሶዳውን በውሃ ሳላቁጠው ቀጥኖ እንደ አጥሚት ሆነብኝ፣ ግድግዳው ላይ ሲቀባ ወርዶ አለቀ። ሁለተኛውን እንደ ገንፎ አወፈርኩት። ያኔ ያዘ። አመዱን ግን በወንፊት ሳትነፉ እንዳትቀቡት። ውስጡ ያለው የከሰል ፍርፋሪና አሸዋ ቀለሙን ይፍቀዋል። የአመድ ጉልበት ከየት እንደሚመጣ ለሚገርማችሁ፣ አመድ ውሃ ሲነካው ከቤኪንግ ሶዳ የጠነከረ አልካሊ ይሰጣል። እጄን ያቃጠለኝ ለዚሁ ነው፤ ጓንት አድርጉ።

የዚህ ሳምንት ትልቁ ግኝት ፌስታል ነው። የተቀባው ነገር ከደረቀ ሥራውን ያቆማል። ባለፈው ሳምንት በአንድ ጥግ ቀብቼ ያሳደርኩት ጠዋት እንደ ኖራ ነጭቶ፣ ደርቆ፣ ከሥሩ ምንም ሳይነካ አገኘሁት። አሁን ኦቨኑን ለብ እስኪል አሙቄ፣ ሶኬቱን እንደገና ነቅዬ፣ ከቀባሁ በኋላ ፌስታል ቀድጄ ለጠፍኩበት። እርጥበቱ እስከ ጠዋት ቆየ። በዚያ ላይ ማታ መብራት ሄደ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ አልተናደድኩም።

ጠዋት ላይ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርዴን እንደ መፋቂያ ይዤ ገባሁ። ቡናማው ቫርኒሽ እንደ ለጋ ቅቤ እየተጠቀለለ ወረደ። ግራና ቀኙ? ወፍራም ቦታ ላይ አመዱ በልጧል። ግን ግድግዳውን ትንሽ አደብዝዞታል። ድጋሚ ቢሆን አመዱን ለወለሉ ብቻ እተወዋለሁ። የኦቨናችሁ ግድግዳ ሲዳሰስ ሻካራ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም አትቀቡ፤ እንደዚያ ያለው ቅባቱን ራሱ እንዲያቃጥል ተብሎ የተሠራ ነው፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ።

ላይ በኩል የሚታየውን የማሞቂያ ብረትና ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን እርሳስ የምታክል ዘንግ አልነካሁም። ብረቱ ሲግል የያዘውን ራሱ ያቃጥላል። ዘንጓ ሙቀቱን የምትለካው ናት፤ ከተጣመመች ዳቦው ጥሬ ወይም ከሰል ይሆናል።

አቼቶው እዚህ ላይ ነው የጠቀመኝ። ሶዳ ከተጠረገ በኋላ ነጭ ብናኝ ይተዋል፣ በውሃ አሥር ጊዜ ቢወለወልም ይመለሳል። አቼቶ በተነከረ ጨርቅ አንዴ ሲባል ጠፋ። ቅደም ተከተሉ ነው ነገሩ።

ሽቦዎቹና መስታወቱ

ለሽቦ መደርደሪያዎቹ አንድ የማልረሳውን ዘዴ ሞከርኩ። የቀረውን ሶዳ በብረት መጥበሻ ላይ እንደ ቆሎ ቆላሁት። ዱቄቱ እንደ ውሃ ይፈላል፣ ያምራል። ሲጋል ውሃና ጋዝ ይወጣውና ወደ ልብስ ማጠቢያ ሶዳ ይቀየራል፤ ጉልበቱ በጣም ይጨምራል። ሽቦዎቹን ትልቅ ሳፋ ውስጥ፣ በፈላ ውሃ፣ ከዚህ ሶዳና ከትንሽ ኦሞ ጋር ዘፍዝፌ አሳደርኳቸው። ሳፋው ስለማይበቃ ግማሽ ግማሹን እያገላበጥኩ ሁለት ሌሊት ፈጀ። በስፖንጅ ብቻ ነጹ። የአሉሚኒየም ትሪ ግን እዚያ ውስጥ እንዳትከቱ፤ እኔ አንዱን ከትቼ ጥላሸት መስሎ ወጣ።

መስታወቱን በሶዳ ገንፎ ካራስኩት በኋላ በምላጭ ፋቅኩት፤ ምላጩን ጋደም አድርጌ፣ መስታወቱ ሳይደርቅ። አመድም የሽቦ መፈግፈጊያም አላስነካሁትም፣ ምክንያቱም የተጫረ መስታወት ሲግል ሊሰነጠቅ ይችላል። በሁለቱ መስታወቶች መሀል የፈሰሰ አንድ ቡናማ መስመር ቀርቷል። ብሎኖቹን ፈትቼ ልግባበት ብዬ ሁለቱን ካላቀቅኩ በኋላ ፈራሁና መልሼ አሰርኳቸው። የፈታ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ወጪ፦ ሶዳ ሁለት ጊዜ፣ አቼቶ አንድ ጠርሙስ፣ ጓንት፣ ስፖንጅ፣ ያ የተሳሳተ ቤኪንግ ፓውደር። ተደምሮ ከ400 ብር በታች ነው። የሞተውን ትሪ ካልቆጠርነው።

ሦስተኛው ቅዳሜ

ባዶውን ኦቨን 200 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት አቃጠልኩት። ትንሽ የአቼቶ ሽታ ወጣና ጠፋ። ጢስ የለም፣ በግ የለም። የኋላው ጥግ ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል ጥቁር ቦታ አልለቅ ብላለች። ትቻታለሁ። አትጨስም፣ አትሸትም፤ ተሟሽታለች።

ከዚያ ሊጡን በኮባ ጠቅልዬ አስገባሁ። ሲወጣ መሀሉ በስሎ ሥሩ አርሯል፤ ይህ ግን የመደርደሪያው ከፍታ ጉዳይ ነው፣ በሚቀጥለው አንድ እርከን ከፍ አደርገዋለሁ። ያላረረውን ወገን ቆርሼ በሳህን ፊት ለፊት ወሰድኩ። እትዬ መጀመሪያ አሸተቱት። ከዚያ ቀመሱ፣ አላመጡ፣ አሰቡ።

«ጥቁር አዝሙድ አነሰው» አሉኝ።